የብሩስ «ዚምብ» የየትኛው ቤተሰብ ናት?

ከሞጣ ወደ ዓባይ በረሃ የሚያወርደውን የእግር መንገድ ይዛችሁ ሰባራ ድልድይ ስትደርሱ፣ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው ድንጋዩ ላይ ነው። በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ የተሰበረው ያ አሮጌ ድልድይ ጎጃምንና ቤጌምድርን ሲያገናኝ ኖሯል። ሁለተኛው የምታገኙት፣ ወይም የሚያገኛችሁ፣ ዝንብ ነው። በቅሎዋ ጭራዋን ታወናጭፋለች፣ ቆዳዋን ታርገበግባለች፣ እግሯን መሬት ላይ ትደበድባለች። ባለቤቷን «ይቺ ምንድን ናት?» ብትሉት «ዝንብ ናታ!» ይላችኋል። ሌላ ምን ይበላችሁ?

መልሱ ስህተት የለበትም። ግን በአማርኛ «ዝንብ» ስንል ከ150 በላይ ቤተሰቦችን በአንድ ስም እየጠራን ነው። (በመማሪያ መጽሐፋችሁ «አስተኔ» የሚለውን ቃል አይታችሁ ከሆነ፣ እኔ ቤተሰብ የምለው እሱን ነው።) ሳይንቲስቶች ዲፕቴራ፣ ማለትም «ሁለት ክንፍ»፣ ብለው በሚጠሩት ክፍለ መደብ ውስጥ እስከዛሬ ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ብቻ ከ150,000 ይበልጣሉ። ከእነሱ አንዷ ደም ትመጣለች፣ አንዷ የአበባ ወለላ ትቀስማለች፣ አንዷ ደግሞ ካደገች በኋላ የምትበላበት አፍ እንኳ የላትም። ሁሏም ለእኛ ዝንብ ናት።

የአንድ ስም ጣጣ እስከ የት እንደሚሄድ ለማየት ዛሬ አንድ የቆየ ጽሑፍ እንተቻለን። ጽሑፉ የጄምስ ብሩስ ነው። ስኮትላንዳዊው ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 በምጽዋ በኩል ገብቶ፣ ጎንደር ተቀምጦ፣ ጢስ ዓባይን አይቶ፣ በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሷል። ጉዞውን በአምስት ቅጽ ያሳተመው በ1790 ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስለ አንዲት ዝንብ የጻፋቸው ገጾች ከታተሙ ጀምሮ ሰውን ሲያከራክሩ ኖረዋል። አንዳንዱ «ፀፀ ዝንብ ናት» ሲል፣ ሌላው «የለም፣ የፈረስ ዝንብ ናት» ብሏል። እኔ የምለው ደግሞ ይሄ ነው፦ ብሩስ አንዲት ዝንብ አየ፣ የብዙ ዝንቦችን ታሪክ ሰማ፣ ሁሉንም በአንዷ ላይ ጫነባት። እንዴት እንደደረስኩበት አብረን እንየው።

ብሩስ ምን ጻፈ?

በራሴ ቃል ላሳጥርላችሁ። ዝንቧ «ዚምብ» ትባላለች፤ ከዚህ በፊት የተፈጥሮ አጥኚ አልገለጻትም። መጠኗ ከንብ ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ሰውነቷ ግን ወፈር ይላል። ክንፎቿ ከንብ ክንፍ የሰፉ፣ እንደ ዝንብ ክንፍ ተለያይተው የተቀመጡ፣ ጥርት ያሉ፣ ቀለምም ነጥብም የሌለባቸው ናቸው። ራሷ ትልቅ ነው። አፏ ላይ ሦስት ሹል ፀጉሮች አሉ፤ ርዝመታቸው የኢንች ሩብ ያህል፣ ማለትም ወደ 6 ሚሊሜትር ነው። ሦስቱ ሲገጥሙ እንደ ጠንካራ የአሳማ ፀጉር ጣትን ይገፋሉ። ሰውነቷ በቡናማ ጸጉር ተሸፍኗል።

ከዚያ ወደ ጥፋቷ ይገባል። ድምጿ ሲሰማ ከብቱ መኖውን ትቶ በየሜዳው ይፈረጥጣል፤ በድካም፣ በድንጋጤና በረሃብ እስኪሞት ይሮጣል። ግመል እንኳ አይችላትም፤ ሰውነቱ ያባብጣል፣ እብጠቱ ይፈነዳል፣ ይመግላል፣ ይሞታል። ዝሆንና አውራሪስ ጭቃ ውስጥ ተንከባለው ጭቃውን እንደ ጥሩር ይለብሱታል። የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር እረኞች ጥቁሩን አፈር ለቀው ወደ አትባራ አሸዋ ይሰደዳሉ፤ ዝንቧ አሸዋው ድረስ አትከተላቸውም።

ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ስለ ተፈጥሮዋ ያለውን ግምት ይሰነዝራል። ከጅራቷ መውጊያ የላትም፣ ሆኖም ከንብ ወገን ትመስለኛለች፤ አበራረሯ ግን ፈጣንና ድንገተኛ ነው፣ እንግሊዝ አገር ያለውን የፈረስ ዝንብ ይመስላል። ድምጿ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ነገር አለ፤ ይህ በከፊል ከአፏ ፀጉሮች ሳይመጣ አይቀርም።

መጀመሪያ ምስጋናው

ብሩስ አገሩ ሲገባ ብዙ የለንደን ሰው ቀጣፊ ብሎታል። እኔ እዚያ ማኅበር ውስጥ አልገባም። ይህን ገለጻ እንደ መሐንዲስ ሳነበው ሦስት ጥሩ ነገር አገኝበታለሁ።

አንደኛ፣ መጠን ሰጥቷል። «ትልቅ መውጊያ» ብሎ አላለፈም፤ የኢንች ሩብ ነው አለ። ሁለተኛ፣ የሌለውንም ጻፈ፤ ክንፏ ላይ ነጥብ የለም አለ። ዝንብ ስትለዩ የሌለ ነገር ካለው እኩል ማስረጃ ነው። ሦስተኛ፣ ቦታና ወቅት አያይዟል፤ ጥቁር አፈር፣ ክረምት። የቢቸና ልጅ ዋልካ ምን እንደሆነ ይነገረው አይባልም፤ ክረምት ላይ ጫማ የሚያወልቅ ጭቃ ነው። የብዙ የፈረስ ዝንብ ዝርያዎች እጭ የሚያድገው በእንዲህ ያለ እርጥብ ጭቃና በውሃ ዳር ነው። ውሃ የማይዝ ደረቅ አሸዋ ለእጩ አይመችም። ስለዚህ እረኞቹ በየዓመቱ ወደ አሸዋው መውረዳቸው ተረት አይደለም፤ በቂ ምክንያት ነበራቸው።

እንግዲህ ምስጋናው እዚህ ላይ ያበቃል።

ንብ ወይስ ዝንብ?

የመጀመሪያው ስህተት «ከንብ ወገን ትመስለኛለች» የሚለው ነው። ይህ ስህተት በዘመኑ የማይታወቅ ነገር ስለሆነ ነው እንዳንል፣ መልሱ ከብሩስ በፊት ከ2,000 ዓመት በላይ ተጽፎ ነበር። አሪስቶትል ሁለት ክንፍ ያላቸው ነፍሳት መውጊያቸው ከፊት፣ አራት ክንፍ ያላቸው ደግሞ ከኋላ እንደሆነ ጽፏል። ብሩስ መውጊያው አፏ ላይ እንዳለ በዓይኑ አይቷል፣ ከኋላ እንደሌላትም መዝግቧል። ማስረጃው እጁ ላይ ሆኖ ፍርዱ ወደ ሌላ ሄደ።

ንብ አራት ክንፍ አላት፤ የፊትና የኋላው በጥቃቅን መንጠቆዎች ስለሚያያዝ አንድ መስሎ ይታያል። ዝንብ ግን ሁለት ብቻ ነው ያላት። የኋላ ክንፎቿ የት ሄዱ? ተለውጠው ሁለት ትንንሽ ዘንጎች ሆነዋል፤ ጫፋቸው ላይ እንደ ዱላ ራስ እብጥ ይላሉ። ሃልተር ይባላሉ።

እዚህ ጋ ትንሽ ብቆይ ቅር አይበላችሁ፤ ሙያዬ ስለሆነ ነው። ሃልተሮቹ ዝንቧ ስትበር ከክንፏ ጋር በተቃራኒ አቅጣጫ ይርገበገባሉ፤ ክንፉ ሲወጣ እነሱ ይወርዳሉ። ወደላይና ወደታች የሚርገበገብን ነገር ወደ ጎን ስታዞሩት ከመስመሩ ሊያፈነግጥ ይታገላል። በሃልተሩ ሥር ያሉ የስሜት ሕዋሳት ይህን ትግል ይለኩና ዝንቧ ወደየት እየዞረች እንደሆነ ይነግሯታል። ስልካችሁ ውስጥ ያለው ጋይሮስኮፕም የሚሠራው በዚሁ መርህ ነው። መኪና የምትነዱበትን ጨዋታ ከፍታችሁ ስልኩን ስታዞሩ መኪናዋ አብራ የምትዞረው ውስጡ ያለች፣ በዓይን የማትታይ የምትርገበገብ ቅንጣት መዞሩን ስለምትለካ ነው። ዝንብ ይህን መሣሪያ ይዛ ስትበር ሚሊዮኖች ዓመታት አልፈዋል።

ሃልተር የተነቀለባት ዝንብ ቀጥ ብላ መብረር እንደማትችል በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ብሩስ ሳይወለድ፣ ተጽፏል። ሊኔየስም እ.ኤ.አ. በ1758 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ክንፍ ያላቸውን ነፍሳት በአንድ ክፍለ መደብ አሰባስቦ በአሥር ወገን ከፍሏቸዋል። የፈረስ ዝንብ ለብቻዋ፣ ትንኝ ለብቻዋ፣ የቤት ዝንብ ለብቻዋ ነበረች። ስለዚህ ብሩስ «ማንም አልገለጻትም» ያላት ዝንብ ራሷ አዲስ ዝርያ ልትሆን ትችል ነበር፤ የምትገባበት ሳጥን ግን ተሠርቶ፣ ስም ተለጥፎበት እየጠበቃት ነበር።

የድምጿም ነገር እንዲሁ ነው። ዝንብ ጥዝ የምትለው በአፏ ሳይሆን ክንፏና ደረቷ ሲርገበገቡ ነው። የቤት ዝንብ ክንፏን በሰከንድ 200 ጊዜ ያህል ትመታለች።

ስምን መልአክ ያወጣዋል?

ሁለተኛው ስህተት ስሙ ነው፤ ለእኛ ደግሞ በጣም ቅርብ የሆነው ይሄኛው ነው። ብሩስ «ዚምብ» ብሎ የጻፈው ቃል ምን እንደሆነ ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም። ዝምብ ነዋ! ለሁሉም የምንሰጠው ስም ነው። አንባቢው እንግሊዛዊ ግን የአንዲት አስፈሪ ፍጡር መጠሪያ መሰለው።

የሚገርመው ብሩስ ራሱ ችግሩን ማወቁ ነው። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 7 ላይ ከግብፅ ወንዞች ዳርቻ የምትጠራ ዝንብ አለች፤ ብሩስ «ያቺ ዝንብ ይቺ ናት» ለማለት የልዩ ልዩ ቋንቋ ትርጉሞችን ያነጻጽራል። እዚያ ላይ «ዚምብ» የወል ስም እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። መፍትሔ ብሎ ያመጣው ከግእዙ «ጻልጻልያ» የሚል ቃል ነበር፤ ለዚች አንዲት ዝንብ የተለየ ስም ይህ ነው አለ።

ልብ በሉ እንግዲህ፤ ሰውየው የወል ስም ችግር ሲገጥመው የሄደው ወደ ሌላ ስም ነው፣ ወደ ዝንቧ አካል አልሄደም። ክንፏ ላይ ስላሉት ሥሮች፣ ስለ አንቴናዋ በዚያ ገለጻ ውስጥ ምንም የለም። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የዝንብን ግን መልአክ አያወጣውም፤ አንቴና ቆጥሮ፣ ክንፍ ወደ ብርሃን ይዞ የሚያይ ሰው ነው የሚያወጣው።

አምስት ተጠርጣሪዎች

ሦስተኛውና ትልቁ ስህተት ዝንቧን በአካሏ ሳይሆን በጥፋቷ መለየቱ ነው።

እስቲ ወደ ዓባይ ድልድይ እንመለስ። እዚያ አካባቢ በአንድ በኩል የድንጋይ ቅስቱ አለ፤ በሌላ በኩል ደግሞ በቅርቡ ዘመን ለእግረኛ የተሠራ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ አለ። ሁለቱም አንድ ሥራ ነው የተሠሩት፤ ያንኑ ገበሬ፣ ያንኑ ጤፍ፣ ያቺኑ በቅሎ ያሻግራሉ። ነገር ግን አንድ መሐንዲስ ሁለቱን በአንድ መደብ አያስቀምጣቸውም። ቅስቱ ሸክሙን በመጨቆን ወደ ዳርና ዳሩ ድንጋይ ይገፋዋል፤ ተንጠልጣዩ በመወጠር በገመዱ ይይዘዋል። አንደኛው ሲታመም የምታክሙት በሲሚንቶና በድንጋይ ነው፤ ሌላውን ገመዱን በመመርመር። ሥራቸው አንድ ስለሆነ ቤተሰባቸው አንድ አይሆንም።

የዝንብም እንደዚሁ ነው። አሁን የብሩስን ገለጻ እንያዝና ተጠርጣሪዎቹን አንድ በአንድ እንጥራቸው።

ጥቁር ዝንብ (ሲሙሊዳ)። የፈጣን ወንዝ ልጅ ናት፤ እጯ ድንጋይ ላይ ተጣብቃ ከሚሮጠው ውሃ ምግቧን ታጠልላለች። አጭርና ጎባጣ ስለሆነች የዝንብ ዘመድ ትመስላለች። አንቴናዋን በማጉያ ብታዩት ግን ከአሥር የማያንሱ ክፍሎች ተደርድረዋል፤ ይህም ከትንኝ ጎራ ያደርጋታል። በካፋና በሌሎች የደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች ኦንኮሰርካን የምታስተላልፈው እሷ ናት። ነገር ግን ቁመቷ ጥቂት ሚሊሜትር ነው፤ ከንብ ልትበልጥ አትችልም። ትለቀቅ።

ፀፀ ዝንብ (ግሎሲኒዳ)። የብዙ ሰው ጥርጣሬ እሷ ላይ ነው፤ የከብት ገዳይ መሆኗ ስለሚታወቅ። እኛ የቆላ ዝንብ የምንላት፣ ገንዲ የምታመጣው እሷ ናት። ሆኖም ፀፀ ስታርፍ ሁለቱ ክንፎቿ እንደ መቀስ አንዱ በአንዱ ላይ ይተኛሉ፤ የብሩስ ዝንብ ክንፎች ግን የተለያዩ ናቸው። የፀፀ መውጊያ አንድ ቀጭን መርፌ መስሎ ወደፊት ይወጣል፤ የብሩሷ ሦስት ፀጉር የገጠመ ነው። አይመስለኝም።

የበረት ዝንብ (ስቶሞክሲስ)። ከቤት ዝንብ ጋር አንድ ቤተሰብ ናት፤ ሙሲዳ ይባላል። ልዩነቷ አፏ ስፖንጅ ሳይሆን ወደፊት የወጣ መርፌ መሆኑ ነው። ከቤት ዝንብ አትበልጥም፤ ከንብ ጋር አትመጣጠንም። ትለቀቅ።

ኢስትሪዳ። ከብት ጭራውን ሰቅሎ እንዲፈረጥጥ በማድረግ ከእነዚህ ቤተሰቦች ዝርያዎች የሚስተካከላት የለም። እጮቿ በእንስሳት ሰውነት ውስጥ ያድጋሉ፤ በበግ አፍንጫ፣ በግመል ጉሮሮ፣ በከብት ቆዳ ሥር። የቆዳው እብጠትና መፈንዳት የእሷን ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ያደገችው ዝንብ አፍ የላትም ለማለት ይቻላል፤ አትወጋም፣ ደምም አትመጥም። ስድስት ሚሊሜትር መውጊያ ከየት ታምጣ?

የፈረስ ዝንብ (ታባኒዳ)። ትልቅ ራስ፣ ወፍራም ሰውነት፣ ፈጣን አበራረር፣ ተለያይተው የሚቀመጡ ክንፎች፣ ክረምትና እርጥብ አፈር። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አፋቸው በጣም ረጅም የሆኑ የአፍሪካ ወገኖች አሉ። የሴቷ አፍ ውስጥ ስለት የሚመስሉ ብዙ ክፍሎች ይገኛሉ፤ ቆዳ ቀድዳ የሚፈሰውን ደም ትልሳለች። በዚያ ላይ ብሩስ ራሱ አበራረሯ የፈረስ ዝንብን ይመስላል ብሎናል። አካሏን ለብቻው ከወሰድነው ፍርዱ ወደዚህ ያጋድላል።

ታዲያ ጉዳዩ ተዘጋ? አልተዘጋም። አካሉ የፈረስ ዝንብ ቢሆንም፣ ሩጫውና እብጠቱ ኢስትሪዳን ያስታውሳል፤ የከብቱ እልቂት በዝንብ የሚተላለፍ በሽታን ያስታውሳል። የግመሉን ሞት ብቻ ብንወስድ፣ ሱራ የሚባለውን የግመል በሽታ ከአንዱ ግመል ወደ ሌላው የምታደርሰው የፈረስ ዝንብ ናት፤ የሚገድለው ግን ውጋቷ ሳይሆን ደም ውስጥ የምትጨምረው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። የብሩስ ዘመን ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ በዚህ አልወቅሰውም። የምወቅሰው ያየውንና የሰማውን ስላልለየ ነው። ዝንቧን አይቷል፣ ለክቷል። ከሐበሻ ተራራ እስከ ባሕር ዳርቻ ስላደረሰችው ጥፋት ግን የሰማውን ነው የጻፈው። ሁለቱ በአንድ ስም፣ በአንድ ገጽ፣ በአንድ እርግጠኛ ድምፅ ተቀመጡ።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው?

ብዙ ነገራችን ነው። ምክንያቱም የብሩስን ስህተት ዛሬም እንደግመዋለን። ከብት ከሳ፣ ፀጉሩ ቆመ፣ ደሙ ሲመረመር የገንዲ ጥገኛ ተገኘበት እንበል። ብዙ ሰው ወዲያው «የቆላ ዝንብ ነው» ይላል። ነገር ግን በጣና ዙሪያ ፀፀ በሌለበት ደጋ ላይ ገንዲ ተገኝቷል። ትሪፓኖሶማ ቪቫክስ የተባለው ዝርያ ፀፀ በሌለበት ደቡብ አሜሪካም ከብት ያሳምማል። እዚያም እዚህም ጥገኛውን የሚያዛምቱት የፈረስ ዝንብና የበረት ዝንብ ናቸው።

እንዴት? የፈረስ ዝንብ ውጋት ያማል። ላሟ ጭራዋን ታወናጭፋለች፣ ዝንቧ ሳትጠግብ ትነሳና አጠገብ ያለችው ላም ላይ ታርፋለች። አፏ ላይ የቀረው ትኩስ ደም አብሮ ይገባል። በፀፀ ውስጥ ጥገኛው ያድጋል፣ ይባዛል፤ በፈረስ ዝንብ ግን የሚጓዘው አፏ ላይ እንደቆሸሸ መርፌ ነው።

አሁን ቤተሰብ መለየት ገንዘብ የሚሆንበት ቦታ ላይ ደረስን። ፀፀ እንቁላል አትጥልም፤ በዘጠኝ ወይም በአሥር ቀን አንድ ያደገ እጭ ብቻ ትወልዳለች። ስለዚህ በየቀኑ ከመቶ ጥቂቶቹን በወጥመድ ብትገድሉ ቁጥሯን መተካት አትችልም፣ እያለቀች ትሄዳለች። በወንዴዎቹ መምከን ላይ የተመሠረተውን ዘዴም ይህ ያግዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ከዛንዚባር ኡንጉጃ ደሴት ፀፀን ያጠፉት በዚህ ነው፤ በእኛም አገር ቃሊቲ ላይ ለዚሁ ተብሎ ፀፀ ይረባል። የፈረስ ዝንብ ግን በአንዴ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎችን ትጥላለች። በዛሬው ወጥመድ የገደላችኋትን ያህል ነገ ትተካለች። ፀፀ በሌለበት ቦታ የፀፀ ዘመቻ ማድረግ ማለት ተንጠልጣዩን ድልድይ በሲሚንቶ ለመጠገን መሞከር ነው።

ቤተሰብ ብቻ ማወቅም ሁልጊዜ አይበቃም፤ ይህን ካልነገርኳችሁ እኔም እንደ ብሩስ እሆናለሁ። ሦስት ምሳሌ ልስጣችሁ። የጤፍ ዝንብ፣ እጯ የቡቃያውን ልብ የምታደርቀው፣ ከቤት ዝንብ ጋር አንድ ቤተሰብ ናት፤ የቤት ዝንብን ብታጠፉ ግን የቢቸና ጤፍ አይድንም። ዓይን ላይ የምታርፈዋ፣ ትራኮማን የምታዛምተው ሙስካ ሶርበንስ ደግሞ ከቤት ዝንብ ጋር ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን ወገንም ትጋራለች። ደረቷ ላይ ሁለት ሰፋፊ ጥቁር መስመሮች አሉ፤ የቤት ዝንብ ግን አራት አላት። እሷ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ስለሆነ መጸዳጃ ቤት መቆፈር ዓይንን ከሚያድኑ ሥራዎች አንዱ ነው። ሦስተኛዋ ጥቁር ዝንብ ናት፤ በዓይን አንድ የሚመስሉ የተለያዩ ዝርያዎች ስላሏት አጥኚዎች የሚለዩአቸው የእጩን ክሮሞሶም በማይክሮስኮፕ አይተው ነው።

ለእናንተ አምስት ጥያቄ

ሂሱን ጨረስኩ። አሁን ተራው የእናንተ ነው። ቀጣዩዋን ዝንብ ስታዩ፣ ሳትገድሏት ብትችሉ፣ በስልክ ካሜራችሁ አቅርባችሁ እነዚህን በተራ ጠይቁ። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ከተሳሳተ የቀረው ሁሉ ተሳስቶ ነው የሚሄደው።

1. ክንፏ ሁለት ነው ወይስ አራት? ሃልተር ካላት ዝንብ ናት። አበባ ላይ የምታገኟት፣ የንብ ልብስ ለብሳ አየር ላይ ቀጥ ብላ የምትቆመዋ ሲርፊዳ እዚህ ጋ ትጋለጣለች።

2. አንቴናዋ ረጅምና ብዙ ክፍል ነው ወይስ አጭርና ሦስት ክፍል? ብዙ ከሆነ ከትንኝ ጎራ ናት፤ ቁንጭርንና ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም እዚህ ትገባለች። አጭር ከሆነ ወደሚቀጥለው እለፉ።

3. አፏ ምን ይመስላል? ስፖንጅ፣ መርፌ፣ ስለት ወይስ ምንም?

4. ስታርፍ ክንፏን እንዴት ታስቀምጣለች? እንደ መቀስ ተደራርቦ ከሆነ ፀፀን ጠርጥሩ። ጠፍጣፋ ሆና እንስሳው ላይ ከተለጠፈችና በጣት ብትጫኗት የማትሞት ከሆነ፣ የውሻ ዝንብ የምንላት ናት፤ ቤተሰቧ ሂፖቦሲዳ ይባላል።

5. የክንፏ ሥሮች እንዴት ይሄዳሉ? ይህ ከሁሉም የሚከብደውና ከሁሉም የሚታመነው ነው። የፀፀ ክንፍ መካከል ላይ የምሳር ቅርጽ ያለው ክፍል አለ። የፈረስ ዝንብ ክንፍ ጫፍ ላይ ደግሞ ሁለት ሥሮች እንደ ባላ ተከፍለው የክንፉን ጫፍ መሃላቸው ያስገቡታል።

ከዚህ በላይ መሄድ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እየታተመ የወጣው የአፍሪካ ዲፕቴራ መመሪያ በነፃ ይወርዳል። እንግሊዝኛው ከበድ ይላል፤ ሥዕሎቹ ግን ቋንቋ አይጠይቁም።

ብሩስ ካያት ዝንብ አንቴናዋን ቆጥሮ፣ የክንፏን ሥሮች በዝርዝር መዝግቦ ቢሆን ኖሮ እኛ ዛሬ ባልተከራከርን። ከዚያ ሁሉ ቅጽ የጎደለው የአንድ ቀን ሥራ ነበር። እናንተ ደግሞ ብሩስ ያልነበረው መሣሪያ ኪሳችሁ ውስጥ አለ። በሚቀጥለው ጊዜ ላማችሁ ጭራዋን ስታወናጭፍ «ዝንብ ናት» ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት፣ እስቲ አንድ ጊዜ ጠጋ ብላችሁ አፏን እዩት።